ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ኑሮ በምን ይለካል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ተራራው ተንዶ ከ220 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በአገሪቱ ከተመዘገቡት የመሬት መንሸራተት አደጋዎች ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈ የለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ማወጁ ይታወሳል። እርዳታ ከየአቅጣጫው ወደ ስፍራው ተጓዘ፤ ዜናው በመላው ዓለም ተሰማ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ለተረፉት ግን ያ ቀን የሌላ ኑሮ መጀመሪያ ሆነ። ያ ኑሮ የሚቆጠረው በዓመት ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በደማምና በኮበር፣ እንደ አል መዝሩዒያ ባሉ ሰፈሮች ለሚኖሩና ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ባጠቃው አካባቢ ወላጅ፣ እኅት፣ ወንድም ወይም ልጅ ያለው ሰው ብዙ ነው። አደጋ በደረሰ ሰሞን ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ ስልክ ይደወላል፣ ገንዘብ ይላካል። በሁለተኛውና በአምስተኛው ዓመት ምን እንደሚያስፈልግ ግን እምብዛም አይነሣም። ከተፈጥሮ አደጋ የተረፈ ሰው ከዓመታት በኋላ ደኅና ኑሮ እንዲኖር የሚያደርገው ምንድን ነው? በአገር ቤትም በውጭም የታየው ልምድ የሚያመለክተው፣ የእርዳታው መጠን ከሚወስነው ይልቅ የተረፉት ሰዎች ከጎረቤቶቻቸውና ከመተዳደሪያቸው ጋር መቆየት አለመቆየታቸው የሚወስነው እንደሚበልጥ ነው።

የሟቾች ቁጥር የማይናገረው

አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ የሚነገረው የሟቾች ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ የተፈናቃዮች፣ ከዚያም የወደመው ንብረት። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ ያጸደቁትና እስከ 2030 የሚዘልቀው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ማዕቀፍ ሰባት ዓለም አቀፍ ግቦች አሉት። ግቦቹ የሞትን፣ የተጎጂዎችን ቁጥር፣ የኢኮኖሚ ኪሳራንና የመሠረተ ልማት ጉዳትን መቀነስ፣ እንዲሁም ዕቅድን፣ ትብብርንና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን ማስፋፋት የሚመለከቱ ናቸው። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከሰባቱ አንዱም «የተረፈው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት እየኖረ ነው?» ብሎ በቀጥታ አይጠይቅም።

ይህን የሚጠይቅ መለኪያ ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚተረጉመው ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ፣ ከራሱ ግብና ተስፋ አንጻር፣ ስላለበት ሁኔታ በሚኖረው የራሱ ግምት ነው። ድርጅቱ ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ 26 ጥያቄዎችን የያዘ ሲሆን፣ አካላዊ ጤንነትን፣ የአእምሮ ሁኔታን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና የመኖሪያ አካባቢን ይመለከታል። መጠይቁ ሰውየው ቤት እንደ ተሰጠው ብቻ አይጠይቅም፤ እንቅልፍ ይወስድህ እንደሆነ፣ ወዳጅ ይደግፍህ እንደሆነ፣ በምትኖርበት ስፍራ ስጋት ይሰማህ እንደሆነ ይጠይቃል። በአገራችን አነጋገር «ተርፏል» እና «ኑሮ ኖሯል» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ሰው ያውቃል። መጠይቁ የሚለካው ሁለተኛውን ነው።

ሊረዱ የሄዱት የሞቱበት አደጋ

የጎፋው አደጋ የተለየ ያደረገው አንድ ነገር አለ። መሬቱ የተንሸራተተው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ናዳ የጥቂት ሰዎችን ቤት ሲቀብር፣ የአካባቢው ነዋሪ አካፋና ዶማ ይዞ ጎረቤቱን ለማውጣት ተሰበሰበ። ብዙዎቹን የቀበረው ሁለተኛው ናዳ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከሟቾቹ መካከል የቀበሌ አመራር፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተገልጿል። የተገኘው አስከሬን 229 በደረሰበት ቀን 148ቱ ወንዶች፣ 81ዱ ሴቶች መሆናቸውን የዞኑ ኮሙኒኬሽን አስታውቆ ነበር።

ይህ ቁጥር ከኑሮ ጥራት አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ይሰፋል። ከማንኛውም አደጋ በኋላ ተረጂዎችን የሚመዘግበው፣ እርዳታ የሚያከፋፍለው፣ ልጆችን ወደ ትምህርት የሚመልሰው፣ የታመመ የሚያክመው፣ ዘር የሚያዳርሰው በስፍራው የነበረው ባለሙያና ሽማግሌ ነው። በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሞቱት እነዚሁ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጥሪ የሚነሡት፣ ዕድር የሚሰበስቡት፣ በደቦ ቤት የሚሠሩት። ማኅበረሰቡ ሰው ብቻ አላጣም፤ ሰውን መልሶ የሚያቆምበትን ክንድም አጥቷል። ወንዶች በብዛት በመሞታቸው ደግሞ ባሏን ያጣች እናት ብቻዋን ቤተሰብ የምትመራበት ቤት በርክቷል። እንዲህ ላለች እናት በሁለተኛው ዓመት ዋናው ጥያቄ የስንዴ እርዳታ አይሆንም፤ «መሬቱን ማን ያርስልኛል? የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሬ ከቤቴ ጋር ተቀብሯል፤ ምትኩን ማን ይሰጠኛል?» የሚል ይሆናል።

በአደጋው ማግሥት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ተጨማሪ ናዳ ስለሚያሰጋ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከአካባቢው መነሣት እንዳለባቸው ገልጾ ነበር። ከተዳፋት አንሥቶ በደኅና ስፍራ ማስፈር ተገቢ ነው፤ ክርክር የለበትም። ግን የሰፈራ ዋጋው ከቤት ግንባታ በላይ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። የደጋው ገበሬ ኑሮ ከተመሠረተባቸው ተክሎች አንዱ እንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት አይደርስም፤ ለምግብ እስኪበቃ በርካታ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በጓሮው በተለያየ ዕድሜ የተተከለ እንሰት የነበረው ቤተሰብ ከቀዬው ሲነሣ ያጣው የአንድ ዓመት ምርት አይደለም። የወደፊት ዓመታት ምግቡን ነው። ይህ ጉድለት ተደምሮ የሚታየው እርዳታው ከቆመ በኋላ ነው።

ያለፈው ሰፈራ ያስተማረን

ኢትዮጵያ ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን በማስፈር ረገድ መራራ ልምድ አላት። በ1977ቱ ረኃብ ወቅት የነበረው መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ አሰፈረ። ብዙዎቹ ገብስና ጤፍ ያርሱ የነበሩ የደጋ ሰዎች ናቸው። የወረዱት ወደ ወባና ወደ ገንዲ አገር ነው፤ ገንዲ ከብት ስለሚገድል የበሬ እርሻ የለመደ ገበሬ በሬ አልባ ሆነ። ከፊሉ በበሽታ አለቀ፣ ከፊሉ በእግሩ ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ፣ ከፊሉ ደግሞ ድንበር ተሻገረ። በዚህ ጉዳይ ላይ በወለጋ የሰፈራ መንደር ውስጥ ኖሮ ያጠናው አሉላ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው መጽሐፍ የሰፋሪዎቹን ኑሮ ከራሳቸው አንደበት ያቀርባል። ከረኃብ መትረፍና በሰፈሩበት መኖር የተለያዩ መሆናቸው ከዚያ ዘመን በግልጽ ይታያል።

ረኃቡ በሕፃናት ላይ ያሳደረው ጉዳትም ከዓመታት በኋላ ተለክቷል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር ረኃቡ በከፋበት ወቅት ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የነበሩትን ሰዎች ካደጉ በኋላ አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች ቁመታቸው ከሌሎቹ በአማካይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ተገኝቷል፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም አንሷል። ተመራማሪዎቹ እንደ ገመቱት ይህ በየዓመቱ በገቢያቸው ላይ 5 በመቶ ገደማ ጉድለት ያስከትላል። ከሞት የተረፈው ሕፃን የዚያን ዓመት ዕዳ ጎልማሳ ሆኖም ይከፍላል ማለት ነው። በአደጋ ጊዜ ለእርጉዞች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው አልሚ ምግብ ቅድሚያ ማግኘት ያለበት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማም ይኸው ነበር፤ ቤተሰብ በድርቅ ዓመት በሬውንና ላሙን ሸጦ ለቀጣዩ ዓመት ባዶ እጁን እንዳይቀር ማድረግ።

ጃፓን በሁለት አደጋዎች መካከል የተማረችው

አንድ አገር ከራሱ ስሕተት እንዴት እንደሚማር ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ቤት ላጡት ጊዜያዊ መኖሪያ በፍጥነት ተሠራ፤ ዕደላው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ በሚሰጥ ዕጣ ተከናወነ። ነገሩ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ውጤቱ ግን አረጋውያኑ ከቀድሞ ሰፈራቸው ተነጥለው ማንንም በማያውቁበት ስፍራ ብቻቸውን እንዲኖሩ አደረገ። በጊዜያዊ ቤቶቹ ውስጥ ማንም ሳያያቸው ለብቻቸው ሞተው የተገኙት ሰዎች ከ200 በላይ ናቸው። ጃፓናውያን ይህን ሞት «ኮዶኩሺ» ይሉታል፤ የብቸኝነት ሞት ማለት ነው። ከመሬት መንቀጥቀጡ ተርፈው በጎረቤት ማጣት የሞቱ ናቸው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ሱናሚ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን ሲመታ በኢዋኑማ ከተማ ሁለት ዓይነት አሠራር ተስተዋለ። ከፊሉ ነዋሪ በዕጣ በተናጠል ተዛወረ፤ ከፊሉ ከነጎረቤቱ በቡድን ተዛወረ። በአጋጣሚ በዚያች ከተማ የሚኖሩ አረጋውያን አደጋው ከመድረሱ ሰባት ወራት ቀደም ብሎ ለሌላ ጥናት ተጠይቀው ስለነበር፣ በፊትና በኋላ የነበረውን ማወዳደር ተቻለ። በቡድን የተዛወሩት ከሰው ጋር የመገናኘትና በማኅበራዊ ኑሮ የመሳተፍ ልማዳቸው ሲጠናከር፣ በተናጠል የተዛወሩት ግን እየራቁ ሄዱ። ቤታቸው የፈረሰባቸው አረጋውያን የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸው ሲቀንስ ከጎረቤት ጋር መጨዋወቱን የቀጠሉት ጉዳቱ ቀሎ ታየባቸው።

ከዚህ ለኢትዮጵያ የሚወሰደው ትምህርት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ደቦ እና ቡና መጠጣት ጃፓኖች በጥናት ያገኙትን ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የሰፈራ ዕቅድ ሲነደፍ የቤት ቁጥር ከመታደሉ በፊት «የትኛው ዕድር ከየትኛው ጋር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንድ ዕድር በአንድ መንደር ቢሰፍር፣ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሐዘን የራሱ ዘመን አለው

የአእምሮ ጉዳት ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአደጋ የተረፈ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፣ ያዝናል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ከጊዜ በኋላ አብዛኛው ይጽናናል። ጥቂቱ ግን ወራት አልፈው እንኳ ዝናብ ሲያጉረመርም ከቤት የሚሮጥ፣ ሥራ መሥራት የሚያቅተው፣ ከሰው የሚሸሽ ሆኖ ይቀራል። የጠፋው አስከሬን ያልተገኘለት ቤተሰብ ደግሞ ተስፋውን ለመቁረጥም ሐዘኑን ለመጨረስም ይቸገራል። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ጉዳት ነው።

ባህላችን ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግ ያውቃል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት አለ፤ በሙስሊሞች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትጠብቃለች። በእነዚህ ቀናት ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። የእርዳታ ሥራም ከዚህ ሊማር ይገባዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተጎርፎ ከመጥፋት ይልቅ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ተመልሶ መጠየቅ።

የሚጠብቁን ዓመታት

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ታኅሣሥ 26 የደረሰው 5.8 ሆኖ ተለካ። መንግሥት በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በ12 ቀበሌዎች የሚኖሩ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከስጋት ቀጣና ለማንሣት መሥራት መጀመሩን ገለጸ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት እንደሌለ ቢነገርም፣ አመዱ የግጦሽ ሣር በመሸፈኑ አርብቶ አደሩ የሚያጣው ነገር በሟቾች ቁጥር ውስጥ አይታይም። ግመሉና ፍየሉ ከከሳ የልጁ ወተት ይቀንሳል፤ ወተት የቀነሰበት ልጅ ደግሞ ከላይ ካየነው የ1977 ሕፃን ጋር አንድ ዓይነት አደጋ ላይ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ክልሎችና አጋር ድርጅቶች ከሚያቀርቡት የተረጂዎች ቁጥር ጎን ለጎን አንድ ሌላ ዝርዝር ቢኖር ይበጃል፦ ከሁለትና ከአምስት ዓመት በኋላ ልጆቹ ስንት ክፍል ደርሰዋል፣ ሰፋሪው የራሱን ምርት ይበላል ወይስ ይጠብቃል፣ ባል የሞተባት እናት በስሟ መሬት አላት ወይ፣ ሰዎች ሌሊት ተኝተው ያድራሉ ወይ።

በደማምና በኮበር ያለ ወገን ምን ያድርግ?

በስደት ላለ ሰው አደጋው ራሱን የቻለ ሌላ ፈተና አለው። በአገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በወግ ይነገራል። በባዕድ አገር ግን በሥራ ሰዓት ከስልክ ላይ ይነበባል፤ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት እንባዋን አብሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለዚህ በዓርብ ዕረፍት ለቅሶ መድረስ፣ ሐዘንተኛውን ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግ ቀላል የሚመስል ግን ትልቅ እርዳታ ነው። ሐዘኑ በርትቶ ከሥራና ከእንቅልፍ የከለከለው ሰው ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ መምከርም ነውር አይደለም።

ገንዘብን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ፈቃድ መዋጮ ማሰባሰብ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በየቡድኑ ገንዘብ ከመሰብሰብ ይልቅ እያንዳንዱ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የገንዘብ አስተላላፊ በኩል ለራሱ ቤተሰብ መላክ፣ ለሕዝብ እርዳታ ደግሞ ሪያድ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ሕጋዊውን መንገድ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ አቅም የፈቀደውን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አሟጦ ከመላክ ይልቅ ከፋፍሎ ማሰብ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ሰሞን ምግብና ልብስ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። በስድስተኛው ወር ግን ዘር የሚገዛ፣ በመስከረም የልጅ ደብተር የሚያሟላ፣ በዓመቱ አንድ ጥጃ ወይም ሁለት በግ የሚያስገዛ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በስልክ ሲጠየቁም «ደኅና ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ «ደኅና ነን፣ ተመስገን» ነው። ጠንከር ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል ወይ? የይዞታ ደብተሩ ተተክቷል ወይ? እናታችን ከማን ጋር ቡና ትጠጣለች?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ከኮቤ እስከ መተከል የታየው ግን ከአደጋ የተረፈ ሰው ዳግም ሰው ሆኖ መኖሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚያ መልስ ነው።